ሽታ የሌለው ኮላ ፍለጋ ቪጄቫኖ ድረስ

ሸራ ተራ ጫማ መሥራት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። የማስቲሽ ሽታ ከልብሴ ወጥቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴን ቀስፎ የሚይዘኝን ራስ ምታት የሥራው ዕጣ ነው ብዬ ተቀብዬ ኖሬያለሁ። ከዚያ ኮላ የምትቀባልን ልጅ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ። መርፌ ስትይዝ አይታወቃትም። ሐኪም ከማስቲሽ ራቂ አላት። ወዲያው ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወርኳት፤ ግን በእሷ ቦታ ማንን ላስቀምጥ? በውሃ የሚሠራ ኮላ አለ ሲባል ሰምቼ ነበር። በቁም ነገር መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መስከረም 2016 ላይ እንቁጣጣሽን ቤቴ ዋልኩና ወደ ሚላኖ በረርኩ። ሮ በምትባለው የከተማዋ ጫፍ የጫማና የቆዳ ማሽኖች ኤግዚቢሽን ነበር። ያረፍኩት ፖርታ ቬኔትሲያ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ሐበሻ የሞላበት ሰፈር ስለሆነ እንጀራ አላጣሁም። ኤግዚቢሽኑ ትልቅ ነው፣ እግር ያደክማል፤ ማሽኖቹም ለእኔ አቅም የሚሆኑ አልነበሩም። ጠቃሚ ነገር ያገኘሁት ከአንድ ኮላ ሻጭ ነው። «ነገሩን በሥራ ላይ ማየት ከፈለግህ ቪጄቫኖ ሂድ» አለኝና የአንድ ወርክሾፕ አድራሻ ጻፈልኝ።

በማግስቱ ከፖርታ ጄኖቫ ጣቢያ ባቡር ያዝን። የአክስቴ ልጅ ልታስተረጉምልኝ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። ከተማው እንዳለቀ ሜዳው ሁሉ ሩዝ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ደርሷል። ቲቺኖ ወንዝን ስንሻገር ቪጄቫኖ ደረስን።

ቪጄቫኖ የጫማ ከተማ ናት። መሐሏ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1492 እስከ 1494 የተሠራ፣ ዙሪያውን በቅስት የታጠረ አደባባይ አለ። ከጎኑ ያለው ቤተ መንግሥት ውስጥ የጫማ ሙዚየም ገባን። እዚያ የሚላኖ መስፍን ሚስት የነበረችው የቤያትሪቼ ዴስቴ ነው የሚባል የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነጠላ ጫማ አለ። ልዕልቲቱ አንድ ቀን ያደረገችው ጫማ ከእኔ እጅ አንድ ክንድ ርቀት ላይ መሆኑን ሳስብ ብዙ ደቂቃ ቆምኩ። የእኛ ሙያ ስንት ዘመን ተሻግሯል!

ወርክሾፑ ከአደባባዩ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። የልጅቷን እጅ ነገር ስነግራቸው የአክስቴን ልጅ አስተርጉሚ እንኳ ሳይሏት አንገታቸውን ነቀነቁ። እጅ በእጅ አሳይቼ ስለነበር ገብቷቸዋል።

የነገሩኝ ይህን ነው። ድሮ እዚህ ጫማ የሚጣበቀው ቤንዞል ባለበት ኮላ ነበር። ቤንዞል መኪና ከምንሞላው ቤንዚን የተለየ ኬሚካል ነው፤ የደም ካንሰር ያመጣል። የሚላኖው ሐኪም ኤንሪኮ ቪልያኒ ይህንን በበሽተኞች መዝግበው አሳይተዋል። ቪጄቫኖ ባለችበት በፓቪያ አውራጃ ከታመሙት ብዙዎቹ የጫማ ሠራተኞች ነበሩ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1963 በሕግ ገደበችው። ፋብሪካዎቹ ቤንዞሉን ትተው ሄክሳን የሚባል ሌላ ማሟሟያ ኬሚካል ያለበት ኮላ ያዙ። ደም መመረዙ ሲቀር የነርቭ ሕመም መጣ። እጅና እግር ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይከዳል። «የጫማ ሠሪዎች ነርቭ» ብለው ስም እስከ ማውጣት ደርሰዋል። እናታቸው ቤት ውስጥ ኮላ ይቀቡ ስለነበር ታሪኩን ያወቁት ከማንም ሰምተው አይደለም። ያቺ ልጅ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ሌላ አገር ተከፍሎ ያለቀ ዋጋ እኛ ቤት ገና እየተከፈለ ነው።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ። ባልዲው ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ነው። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም! እሳቸው በብሩሽ ስስ አድርገው ሶሉንም ቆዳውንም ቀቡ። ነጭ ነበር። በሙቀት ሣጥን ውስጥ አለፈና ሲወጣ ነጩ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጠርቷል። በጣቴ ነካሁት፤ አያጣብቅም። «ተበላሸ እንዴ?» አልኩ በልቤ። ሽማግሌው በመብራት 60 ዲግሪ ገደማ አሞቁትና ሶሉን ከቆዳው ገጥመው መጭመቂያው ውስጥ አስገቡት። ከሰከንዶች በኋላ ሰጡኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት፤ አልለቀቀም።

ምስጢሩን ያስረዱኝ ክር አንስተው ነው። የሚያጣብቀው ነገር ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሞለኪውሉ ረጅም ክር ነው። በኬሚካል ከተሟሟ ክሩ ይፈታና ኮላውን ያወፍረዋል። ዲስፐርሽን በሚባለው፣ በዚህ በውሃ በሚሠራው ኮላ ግን ክሩ እንደተጠቀለለ፣ በጥቃቅን ኳስ መልክ ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። የአንዱ ኳስ ስፋት ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የፀጉር ውፍረት በመቶዎች ጊዜ ይበልጠዋል። ነጭ የሚመስለው ኳሶቹ ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ውሃው ሲተን ይጠጋጋሉ፣ ይጨፈለቃሉ፣ አንድ ይሆናሉ። ለዚህ ነው የሚጠራው። የባልዲው ግማሽ ያህል ውሃ ነው፤ የሚተነውም እሱ ነው። ማስቲሽ ላይ ግን አብዛኛው የሚተነው የምንተነፍሰው መርዝ ነው።

ሲደርቅ ያልያዘኝ ደግሞ ክሩ ተደርድሮ ስለሚጠነክር ነው። ሲሞቅ ይለሰልስና ያጣብቃል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይጠነክራል። ስለዚህ ሙያው ያለው ሙቀቱ ላይ ነው።

ገበር የሚሠሩበትንም አሳዩኝ። ጨርቁ ላይ ኮላው ይቀባል፣ ስፖንጁ ይደረባል፣ ሁለቱ በጋለ ሲሊንደር አልፈው አንድ ሆነው ይወጣሉ። እሱን እኛ እስካሁን ማስቲሽ በመርጨት ነው የምንሠራው።

ሽማግሌው ችግሩንም አልደበቁኝም። ውሃ ቶሎ አይተንም፤ ቆዳው ላይ ትንሽ ዘይት ካለ አይይዝም፤ ውርጭ ከመታው ባልዲው ሙሉ ይጣላል። ለጥንካሬ በመቶ ከ3 እስከ 5 የሚጨመረው ማጠንከሪያ ራሱ ጓንት ይፈልጋል። አንዳንድ የጎማ ሶል ደግሞ ቀድሞ በኬሚካል ካልታጠበ እሺ አይልም። ይህን ሁሉ ስለነገሩኝ ይበልጥ አመንኳቸው።

አንድ ቀን ተርፎኝ ነበር። አባቴ አናጢ ነበር፤ ነጩን የእንጨት ኮላ ሁሌም «ቪናቪል» ነበር የሚለው። ስሙ የመጣበት ፋብሪካ ቪላዶሶላ ነው፤ ከሚላኖ በባቡር ወደ ሰሜን፣ ማጆሬ ሐይቅን ይዞ፣ ተራሮቹ ሥር። በመንገድ ላይ የሚላኖ ካቴድራል እብነ በረድ የሚወጣበትን ካንዶሊያን አየሁ። ፋብሪካው ለጎብኚ አይከፈትም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁት። አባቴ ቢኖር ፎቶ ልኬለት ነበር።

አንድ ኪሎ ናሙና ይዤ ለመስቀል ደረስኩ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ቸኮልኩ፤ ውሃው ሳይተን ገጠምኩትና ሶሉ በማግስቱ ተላቀቀ። ምናለሽ ተራ አንድ የብረት ሣጥን አሠራሁ፣ ውስጡ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያለው። አሁን ነጩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ አልነካውም።

ልጅቷ ከማሸጊያው መጥታ ብሩሹን አሸተተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ያጣብቃል ግን?»

ከትናንት የተሠራ ጫማና ጉጠት ሰጠኋት። ያዘችና ሳበችው። ቆዳው ተላጠ፣ ኮላው አልለቀቀም።