ቁልፉ ሜሪላንድ ነው

የጋሼን ገስት ሀውስ ስም ጎግል ላይ ጽፎ የሚገባ ሰው የሚያርፈው ውርርድ ቤት ነው። ይህን የሰማሁት በፋሲካ ዕለት ጠዋት ነው። 55 ቀን ጾመን፣ ሌሊት ፈስከን፣ ገና ቡናው እንኳ አልተፈላም። «ልጄ፣ እንኳን አደረሰህ» አሉኝ ጋሼ በስልክ። ቀጥለው፣ «ያ ድረ ገጻችን ቁማር ጀምሯል መሰለኝ።»

በላፕቶፕ ስከፍተው ምንም የለም። ክፍሎቹ፣ ዋጋው፣ በረንዳው፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ድረ ገጽ ሰብረው ገብተው እንዲህ ያለ ኮድ የሚተክሉ ሰዎች ባለቤቱ አድራሻውን በቀጥታ ጽፎ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ስለዚህ እሱን አይነኩትም። የሚወስዱት በስልክ፣ በጎግል በኩል የመጣውን እንግዳ ነው። በስልኬ እንደዚያው አድርጌ ስሞክር የኳስ ውርርድ ገጽ ፊቴ ድቅን አለ።

የጋሼ ቤት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ነው። በበዓል ታክሲ ስለማይገኝ ላፕቶፔን አንግቤ ከአራት ኪሎ በእግሬ ሄድኩ። «የበግ ቆዳ ያለው!» ከሚሉት ልጆች በቀር መንገዱ ጭር ብሏል። እዚያም ሳይበሉ ሥራ የለም። መጀመሪያ ድፎው ተቆረሰ፣ ከዚያ ዋይፋይ።

ጣጣው መግባቱ ላይ ነበር። ሆስቲንጉ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ፣ የሚከፈለው በዶላር ነው። ያኔ ሲከፈት እዚህ ሆኖ ውጭ አገር በካርድ መክፈል የማይታሰብ ስለነበር፣ ሜሪላንድ ያለው የእህታቸው ልጅ በራሱ ካርድና በራሱ ኢሜይል ከፈተው። የማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው እሱ ስልክ ላይ ነው። ቤቱ ፒያሳ፣ ቁልፉ ሜሪላንድ። የብዙ ደንበኞቼ ነገር እንዲሁ ነው። ዘመድ ከውጭ ይከፍላል፣ እኛ እዚህ እንሠራለን፣ ነገሩ ደህና እስከሆነ ድረስ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኛ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ማን ያነሳል? ደግነቱ ልጁ ከቤተ ክርስቲያን መግባቱ ነበር፤ ዶሮ ወጡን እየበላ ነው ያነሳው። ኮዱ ስድስት አሃዝ ነው፣ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ድምፁ ደግሞ ይቆራረጣል። «ሰባት፣ አንድ፣ አራት...» ይልና ጭጭ። ሲመለስ ቁጥሩ ሌላ ሆኗል። ጋሼ ከጎኔ ቆመው «ውጠህ ተናገር እንጂ!» ይሉታል፤ ጉርሻው ያፈነው መስሏቸው። በኋላ አዲሱ ቁጥር ብቅ ሲል በቴሌግራም ጽፎ ላከልኝና ገባሁ።

ሌቦቹ ግን ይህ ሁሉ ኮድ አላስፈለጋቸውም። ልጁ ድሮ ለሌላ ሥራ የሞከረው አንድ ድረ ገጽ እዚያው አካውንት ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። ፕለጊኑን፣ ማለትም ገጹ ላይ የተቀጠለውን ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ለዓመታት ያደሰው የለም። የገቡት በዚያ ነው፤ አንድ አካውንት ውስጥ ያሉ ገጾች ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ከተያዘ ሌላውም አይተርፍም። ፎቶ ብቻ ሊኖርበት በሚገባው ፎልደር ውስጥ የዎርድፕሬስን (ድረ ገጹ የተሠራበትን ፕሮግራም) ስም የተዋሰ የፒኤችፒ ፋይል፣ ማለትም ፎቶ ሳይሆን ኮድ፣ ተቀምጧል። አጠፋሁት። ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርገው ተመልሶ ቁጭ ብሏል! ለካ ፋይሉን በየደቂቃው እየተካ የሚያስቀምጥ ክሮን ጆብ፣ ሰዓቱን ጠብቆ በራሱ የሚሠራ ትዕዛዝ፣ አስገብተዋል። መጀመሪያ እሱን ነቀልኩ። ከዚያ ፓስወርዶቹ፣ የዳታቤዙም ጭምር፣ ተቀየሩ። የዎርድፕሬስን ሚስጥራዊ ቁልፎችም ለወጥኩ፤ ይህ ሲደረግ የገባ ሰው ሁሉ በግዱ ይወጣል። ለክፉ ቀን የተቀመጠው ቅጂ (ባክአፑ) አልረዳንም፣ ያው ፋይል እሱም ውስጥ ነበረ። ዎርድፕሬሱን እንደ አዲስ ጫንኩት፣ የተረሳውንም ገጽ ደመሰስኩት።

የሆስቲንጉ ድርጅት ሠራተኛ በቻት ላይ ጨዋ ነበር። ምንም ብጠይቀው ግን መልሱ ዞሮ ዞሮ «የጽዳት አገልግሎታችንን ይግዙ» ነው። በዶላር፣ እንግዲህ።

«ምን አድርጌያቸው ነው?» አሉ ጋሼ። ምንም። ፒያሳን የት ያውቁታል? ፕሮግራም ነው በየድረ ገጹ እየዞረ ያልታደሰ ነገር የሚፈልገው። የጋሼ ገጽ ለዓመታት ጎግል ላይ ያፈራውን ስም ነው የፈለጉት፤ አዲስ የተከፈተ የውርርድ ገጽ ያንን በአንድ ቀን አያገኝም።

ከበዓሉ በኋላ አካውንቱን በጋሼ ኢሜይል አዞርነው። ልጁ ቅር አላለውም፤ እንዲያውም እፎይ ያለ ይመስለኛል። ኮዱ አሁን የሚመጣው እሳቸው ስልክ ላይ ነው። ስልኩ ቢጠፋ መግቢያ የሚሆኑትን ቁጥሮች በወረቀት አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ምንም አልገባቸውም፣ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ላይ ቆለፉበት። የካርዱ ነገር ግን አልተፈታም። የክፍያው ጊዜ ሲደርስ አሁንም ሜሪላንድ ነው የምንደውለው።