የታክስ ተመላሽ ለምን ይቀንሳል?

ዛሬ እዚህ አሜሪካ የ2024 ዓመታዊ ታክሳቸውን ሲያሳውቁ ያገዝኳቸው አንዲት እናት፣ ደመወዛቸው እንዳለ ሆኖ ተመላሹ (ታክሱ ከተሰላ በኋላ መንግሥት የሚመልስላቸው ገንዘብ) ከቀደመው ዓመት በ1,500 ዶላር ማነሱን ሲያዩ ስሕተት የተሠራባቸው መስሏቸው በጣም አዘኑ።

ምክንያቱ የልጃቸው ዕድሜ ነበር። ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርስ የታክስ ቅናሽ ይሰጣቸው የነበረ ሲሆን፣ ልጁ እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 17 ዓመት ከሞላው ግን፣ ምንም እንኳ ከወላጆቹ ጋር እየኖረ ትምህርት ላይ ቢሆን፣ ቅናሹ ወደ 500 ዶላር ይወርዳል፤ ያውም ይህ ገንዘብ ከሚፈለግብን ታክስ ላይ ብቻ የሚቀነስ እንጂ ትርፉ ተመላሽ የሚሆን አይደለም። የልጅ ወጪ እጅግ በሚከብድበት ዕድሜ ድጋፉ መቀነሱ ለእኔ ፈጽሞ ተገቢ አይመስለኝም።

ሕጉ ራሱም ይለወጣል። በ2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ እስከ 3,600 ዶላር ከፍ ብሎ የነበረው ይኸው ቅናሽ፣ በ2022 ወደ 2,000 ዶላር በመመለሱ የብዙ ቤተሰቦች ተመላሽ በአንድ ጊዜ አሽቆልቁሏል።

ከዚህ ሌላ፣ በዓመቱ ውስጥ ከደመወዛችን የተቆረጠው ታክስ ካነሰ ተመላሹም ያንሳል፤ በተለይ ሁለተኛ ሥራ የጀመረ ወይም ታክስ ሳይቆረጥለት የሥራ አጥ ክፍያ የተቀበለ ሰው ይህ ያጋጥመዋል። ለእኚህ እናትም ለአሠሪያቸው የሰጡትን፣ ከደመወዛቸው ምን ያህል ታክስ እንደሚቆረጥ የሚያመለክተውን የደብልዩ-ፎር (W-4) ቅጽ በዚህ ሳምንት አብረን እንድናስተካክል ተስማምተናል።