የቦቴው ውሃ፣ የአሜሪካው ቆጣሪና የእትዬ ጋሎን

በአዳማ ከተማ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ከቤት ኪራዩ ቀጥሎ የሚያሳስበው የውሃ ነገር ነው። ከተማችን የአዋሽን ውሃ አጣርታ የምትጠጣ፣ ወንዙም ከደጃችን ብዙም ሳይርቅ የሚያልፍ ቢሆንም፣ ወደ ግቢያችን የሚመጣው ግን በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም የራሱ ጠባይ ስላለው ድግስ ያለበት ቤት በቧንቧ ተማምኖ ጠላ አይጠምቅም፤ ቦቴ ያስመጣል። የቦቴ ውሃ ንግድ ደግሞ በእምነት ላይ የቆመ ነው። ሹፌሩ «አምስት ሺህ ሊትር ነው» ይላል፤ ገዢው የቦቴውን ሆድ ከውጭ አይቶ «ይሁን» ይላል፤ ውሃው በጎማ ይወርዳል፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ከዚያም ሁለቱም በልባቸው እየተጠራጠሩ በሰላም ይለያያሉ።

አከራያችን እትዬ ግን በልባቸው ብቻ ተጠራጥረው የሚተዉ ሴት አይደሉም። አሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው ለእኅቱ ሰርግ ሲመጣ «ምን ላምጣልሽ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የእሳቸው እኩያ እናቶች ሽቶና ጫማ በሚያዙበት አፋቸው «የቦቴ ሌባ የሚይዝ መሣሪያ» ብለው አዘዙ። ልጁም የታዘዘ ነውና ባለ አንድ ኢንች ዲጂታል የውሃ ቆጣሪ ይዞ መጣ። መሣሪያው ውስጡ ትንሽ መዘውር አለችው፤ የሚያልፈው ውሃ መዘውሯን ያሽከረክራታል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ዙሯን እየቆጠረ በአንድ በኩል እስካሁን ያለፈውን ጠቅላላ ውሃ፣ በሌላ በኩል በዚያች ቅጽበት በደቂቃ የሚያልፈውን መጠን ያሳያል። በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ መጥቶ ትራንስፎርመር ካልገዛችሁልኝ የማይል ብርቅ ዕቃ ነበር።

ትራንስፎርመር ባይጠይቅም ጥርስ ጠየቀ። የአሜሪካ የአንድ ኢንች ቧንቧ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ አሥራ አንድ ተኩል ጥርስ ሲኖረው፣ የእኛ ገበያ የሚያውቀው የእንግሊዙ ዓይነት አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መገጣጠሚያው ሲጠመዘዝ መጀመሪያ እሺ ይልና ሁለት ሦስት ዙር ሄዶ ይነክሳል። የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ሁለቱን መንግሥታት ለማስታረቅ ቴፍሎን ጠቀለለበት፤ በላዩ ላይ የጎማ ቁራጭ አሰረበት፤ «ትንሽ ያለቅሳል እንጂ አይፈታም» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እኔ በሩቁ ሳየው የግማሿ ጥርስ ልዩነት ወደፊት ከሚመጣው ጣጣ ጋር ስትነጻጸር ቀላሏ እንደነበረች በምን አውቄ!

ቦቴው የመጣ ዕለት እትዬ ዱካቸውን ከቆጣሪው ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ሹፌሩ ወጣትና ቀልጣፋ ነው። «ማዘር፣ ፓምፔ በደቂቃ መቶ ሊትር ነው የሚያወጣው፤ በሃምሳ ደቂቃ ጨርሼ እሄዳለሁ» አላቸው። ረዳቱ ሞተሩን አስነሣ፤ ጎማው ተወጠረ፤ መገጣጠሚያው የተነገረለትን ልቅሶ ጀመረ፤ በቆጣሪውም መስኮት ላይ ቁጥሩ ትንሽ ከተወዛወዘ በኋላ 26 ላይ ረጋ።

«አጥፋ!» አሉ እትዬ ከዱካቸው ተነሥተው። «መቶ አልኸኝ፤ ይኸው ሃያ ስድስት! ሰባ አራቱን የት አደረስኸው?»

ሹፌሩ ምናልባት ዕቃው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ለማስረዳት ቢሞክርም «ዕቃው ከአሜሪካ ነው የመጣው!» የሚል መልስ አገኘ፤ ይህም ለእሳቸው ይግባኝ የሌለው ማስረጃ ነበር። ዕቃውን ያመጣው ልጅ ለሙሽራዋ ልብስ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም። ያን ጊዜ ነው እኔ ከኋላ ካለችው ሰርቪስ ቤቴ «አንተ ሒሳብ ሠራተኛ አይደለህ? ና ፍረድ!» ተብዬ የተጠራሁት። ቀረብ ብዬ ሳየው ከቁጥሩ ሥር «ጂ ፒ ኤም» የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉ።

«እትዬ፣ ይህ በደቂቃ ሃያ ስድስት ጋሎን ማለት ነው እንጂ ሃያ ስድስት ሊትር አይደለም» አልኋቸው።

«ታዲያ ጋሎኑ ስንት ሊትር ነው?»

አፌን ሳልከፍት መልሱ ከአጥሩ ወዲያ መጣ። ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን በቤድፎርድ መኪና ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ ክርክር በሰሙ ቁጥር በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ማውጣት ልማዳቸው ነው። «ጋሎን አራት ተኩል ሊትር ነው፤ እንግሊዝ ራሱ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ያነበብሁት ነው» አሉ። ሃያ ስድስት በ4.546 ሲባዛ 118 ሊትር ከነፍርፋሪው ይሆናል። የሹፌሩ ፊት እንደ መስቀል ደመራ በራ። «ፋዘር እውነቱን ተናገሩ! እኔ እኮ መቶ እየመሰለኝ ስከስር ኖሬአለሁ!» ብሎ በሃምሳ ደቂቃ 5,900 ሊትር እንደሚያወርድ በስልኩ አስልቶ የትርፉን ዘጠኝ መቶ ሊትር ዋጋ እዚያው ጠየቀ። አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ከየት አምጥቶ እንደሚያፈስስ ግን ሊነግረን አልፈለገም።

ሳሎኑን ለሰርጉ ይቀባ የነበረው ቀለም ቀቢ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ጋሎን የእሱ ሙያ ነውና «ኧረ አራት ሊትር ነው፤ ዕድሜዬን የገዛሁት እሱን ነው» ሲል ጮኸ። ይህን ያለ እንደሆነ 104 ሊትር ይመጣል። ከታች ቆርቆሮውን የያዘው ረዳቱ ደግሞ «ሦስት ተኩል ነው፤ የምቀዳው እኔ ነኝ» ብሎ አለቃውን በአደባባይ አጋለጠ፤ 91 ሊትር ማለት ነው። እትዬ ቀለም ቀቢውን በዚያች ቅጽበት ያዩበት ዐይን፣ የቀለሙም ሒሳብ ማታ እንደገና እንደሚታይ የሚናገር ነበር።

ለተሰበሰበው ሕዝብ ነገሩን ላስረዳ ሞከርሁ። ሁለት እውነተኛ ጋሎኖች አሉ። በ1707 በንግሥት አን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ የወይን ጠጅ መለኪያ የነበረውን ጋሎን 231 ኪዩቢክ ኢንች ብሎ ወሰነው፤ አሜሪካኖች ያንኑ ይዘው ቀሩ፤ እሱም 3.785 ሊትር ነው። እንግሊዞች ግን በ1824 ሐሳባቸውን ቀየሩና በ62 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት ላይ አሥር ፓውንድ የሚመዝን ውሃ የሚይዘውን መጠን አዲሱ ጋሎን አደረጉት፤ ይህ ነው የጋሼ 4.546። የእንግሊዙ ከአሜሪካው በመቶ ሃያ ይበልጣል። መሣሪያው ከአሜሪካ እስከመጣ ድረስ ሃያ ስድስቱ በ3.785 ተባዝቶ በደቂቃ 98.4 ሊትር ይሆናል፤ ሹፌሩም መቶ ሲል ብዙ አልዋሸም።

«በወይን ጠጅ መለኪያ ነው እንዴ ውሃዬን የምትለኩት?» አሉ እትዬ። ጋሼ በበኩላቸው አሜሪካ ከእንግሊዝ የተማረ አገር እንደሆነና ተማሪ ከአስተማሪው የተለየ ጋሎን ሊኖረው እንደማይገባ ከአጥሩ ላይ ተከራከሩ።

እዚህ ላይ ለአንባቢ ያህል አንድ ነገር ልበል። የወንዝ ፍሰት የሚለኩ ባለሙያዎች በሜትር ኩብ በሰከንድ ስለሚናገሩ ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ነጻ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ በሰከንድ በአሜሪካው 15,850 ጋሎን በደቂቃ ሲሆን በእንግሊዙ 13,198 ነው። አዋሽን በጋሎን ልለካ ብሎ የሚነሣ ሰው ካለ፣ የትኛውን ጋሎን እንደያዘ ቆቃ ግድብ ሳይደርስ ቢነግረን መልካም ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሕዝቡ በሦስት ጋሎን ተከፍሎ ሲፋጠጥ ያቀረብሁት መፍትሔ ቀላል ነበር። ጀሪካንና ሰዓት እናምጣ፤ የሚሞላበትን ሰከንድ እንቁጠር፤ ሊትሩን ለሰከንዱ አካፍለን በስድሳ እናባዛ አልሁ። ስሌቴ ትክክል ከሆነ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአሥራ ሁለት ሰከንድ ገደማ መሙላት አለበት። እትዬ ከጓዳ ቢጫውን «ባለ ሃያ» ጀሪካን አወጡ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ቆጣሪው 26 አለ፤ እኔ የስልኬን ሰዓት ያዝሁ። አሥራ ሁለት አለፈ። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ በአሥራ አምስተኛው ሰከንድ ሞላ።

ሃያ ሊትር በአሥራ አምስት ሰከንድ ማለት በደቂቃ ሰማንያ ሊትር ነው። እትዬ ለሰርጉ ያቆዩትን እልልታ ከፊሉን እዚያው አወጡት። ሹፌሩ ግን ዕድሜውን ከጀሪካን ጋር ያሳለፈ ልጅ ነውና አንድም ቃል ሳይናገር ውሃውን ወደ ሮቶው ገለበጠ፤ ባዶውን ጀሪካን ዘቅዝቆ ቂጡ ላይ የታተመውን ቁጥር በጣቱ አሳየን፤ 25 ይላል። ሃያ አምስት ሊትር በአሥራ አምስት ሰከንድ፣ በደቂቃ ድፍን መቶ ሊትር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ሰው ነው። ያ ጀሪካን በግቢያችን «ባለ ሃያው» እየተባለ የኖረ ሲሆን፣ ውሃ በጠፋ ጊዜ በአህያ ጋሪ እየዞረ ለሚሸጠው ልጅ እትዬ ሁልጊዜ የሚያቀርቡለት እሱን፣ የሚከፍሉትም የሃያ ሊትር ዋጋ ነበር። እትዬ ጀሪካኑን ከሹፌሩ እጅ ቀስ ብለው ተቀብለው፣ በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጓዳ መለሱት፤ ስለ ሰባ አራቱ ሊትርም ዳግመኛ አላነሡም።

ውሃው ቀጠለ። መገጣጠሚያው ግን ልቅሶውን ወደ ሙሾ አሳድጎት ስለነበር በዙሪያው የቆምን ሁሉ ልብሳችን ረጠበ፤ ከሁሉም የባሰው ከአጥሩ ወርደው ቁጥሩን በቅርብ ሊያዩ የመጡት ጋሼ ነበሩ። ቦቴው ሲያልቅ ጠቅላላው 1,300 ጋሎን አሳየ። በአሜሪካው ስሌት 4,921 ሊትር ነው።

«ሰባ ዘጠኙስ?» አሉ እትዬ ወዲያው፤ ማባዛቱን ከእኔ ፈጥነው ተምረውታል።

ሹፌሩ የሚያፈስሰው መገጣጠሚያ ከቆጣሪው በፊት መሆኑን፣ መሬት የጠጣውንና ጋሼ የለበሱትን ውሃ መዘውሯ እንዳላየችው አመለከተ። እኔም ሳጥኑን አገላብጬ አምራቹ መሣሪያው በመቶ አምስት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሳሳት እንደሚችል የጻፈውን አነበብሁላቸው፤ ይህም በዚህ መጠን ላይ 246 ሊትር ገደማ ስለሆነ በሰባ ዘጠኝ ሊትር ሰውን ሌባ ለማለት የሚያበቃ አይደለም። በመጨረሻ በጋሼ ሽምግልና ሹፌሩ የአራት ጀሪካን ዋጋ ለሙሽራዋ ስጦታ ይሁን ብሎ ተወ፤ ጀሪካኑ ግን በእውነተኛው ሃያ ሊትር እንዲታሰብ አስምሎ ነው የሄደው።

ሰርጉ በሰላም አለፈ። ቆጣሪው ግን ወደ ሳጥኑ አልተመለሰም፤ የተከራዮች ቧንቧ ላይ ተገጠመ። በማግሥቱ ከቧንቧው በላይ «ውሃ በጋሎን ይከፈላል፤ 1 ጋሎን = 4.5 ሊትር» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘን።

«እትዬ፣ ያን ቀን በ3.785 አልተስማማንም እንዴ? መሣሪያው እኮ አሜሪካዊ ነው» አልኋቸው።

«ያማ ስገዛ ነው ልጄ፤ ስሸጥ እንግሊዝ ነኝ» አሉኝ።

አልተከራከርሁም፤ ምክንያቱም የሳጥኑን ጽሑፍ እስከ ታች ያነበብሁ እኔ ብቻ ነኝ። መዘውሯ በደቂቃ ከአምስት ጋሎን በታች የሆነ ፍሰት እንደማታነብ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አምስት ጋሎን በአሜሪካው 19 ሊትር ገደማ ነው፤ የግቢያችን ቧንቧ ደግሞ በደህና ቀኑ እንኳ በደቂቃ አሥር ሊትር ቢሰጥ ነው። በፈረቃችን ቀን ሁላችንም እየቀዳን፣ እያጠብን፣ ባልዲ እየሞላን ቆጣሪው ዜሮ ላይ እንደቆመ ነው። እትዬ የወሩን ሊያነቡ መጥተው መስኮቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና አንድ በአንድ ሲመለከቱን ቆይተው፦

«እናንተ ልጆች፣ ገላችሁን አትታጠቡም እንዴ?» አሉን።