የቁጠባና ብድር ማኅበር ከመዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር

ባሕር ዳር ላይ ያለ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ወደ ኮምፒውተር ለመግባት ሲነሳ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» ከሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ወደ ኋላ ቢቆይ ይሻላል። ለውጡ የሚጸናውም የሚከሽፈውም ማታ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ ካዝናውን ቆጥረው ቀኑን ሲዘጉ ነው። የመሪው ዓይን ከዚያች ሰዓት መነሳት የለበትም።

በቅድሚያ የአባላት ዝርዝር ይጥራ። አንድ መዝገብ ላይ «ኃይሉ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሉ» የተባለው ሰው ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠው፤ ስሙ እስከ አያት ይሞላ፤ ስልኩና የፋይዳ ቁጥሩ ይታከል። 1,200 አባላት ቢኖሩና አንድ ሠራተኛ በቀን የ40 ሰው ሒሳብ ከቁጠባ ደብተሩ ጋር እያመሳከረ ቢያስገባ 30 የሥራ ቀን ይፈጃል። እዚህ ላይ የተቻኮለ ማኅበር፣ ስህተት የገባበትን መነሻ ቀሪ ሒሳብ ሲያሳድድ ይከርማል።

የወለዱ ስሌትም በቃለ ጉባኤ ይወሰን። 60,000 ብር በ15 ከመቶ ለአንድ ዓመት ተበድሮ፣ ዋናው ገንዘብ በየወሩ 5,000 ብር የሚመለስ ነው እንበል። ወለዱ በመነሻው ብድር ላይ ከተሰላ 9,000 ብር፣ በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከተሰላ ግን 4,875 ብር ይሆናል። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ሳያይ አንዱን ከመረጠ፣ ደብተሩና ኮምፒውተሩ የተለያየ ዕዳ ያሳያሉ፤ አባሉ እምነት የሚያጣውም ያኔ ነው። ጳጉሜንም አትርሱ። ለአምስቱ ቀን ወለድ ይቆጠራል ወይ? እንደ 2015 ዓ.ም. ስድስት ቀን ስትሆንስ? ይህ የኮሚቴው ውሳኔ ነው፤ ለባለሙያው የሚተው አይደለም።

ሥራውን ሐምሌ 1 መጀመር ለወረቀት ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳብ ሹሙ የሰኔ 30 መዝጊያ ላይ ተጠምዶ ሳለ ነው። መስከረም ደግሞ የትምህርት ቤት ወጪ ብድር ፈላጊ ያበዛል። እኔ የምመርጠው የጥቅምት 30ን የሒሳብ ሚዛን አውጥቶ ኅዳር 1 መግባትን ነው።

ከዚያ ለሦስት ወር የወረቀቱ መዝገብና ኮምፒውተሩ ጎን ለጎን ይሂዱ። ማታ ሦስት ቁጥሮች ይተያዩ፦ የካዝናው ጥሬ ገንዘብ፣ የመዝገቡ ድምር፣ የኮምፒውተሩ ድምር። የአምስት ብር ልዩነት እንኳ ለነገ አይደር፤ ትንሽ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ትልልቅ ስህተቶች ተጣፍተው የተረፈ ነው። ሠራተኞች ድርብ ሥራ ሲሰለቻቸው አንዱን ከሌላው መገልበጥ ይጀምራሉ፤ ያኔ ማመሳከሩ ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ሁለቱንም ከካርኒው በቀጥታ፣ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ማስሞላት ነው። ነባሩ ሒሳብ ሹም ደግሞ ልዩነት ሲገኝ የትኛው ልክ እንደሆነ የሚፈርድ ሰው ይሁን። መዝገቡን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ዳር ላይ ከተተወ እውቀቱም አብሮት ይቀራል።

በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር የማይሠራ ፕሮግራም አትግዙ። መብራት ሲጠፋ ቢያንስ የተጀመረውን ሥራ የሚያስጨርስ የባትሪ መጠባበቂያ ይኑር፤ የዕለቱ መረጃ ቅጂም አንዱ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ከቢሮው ውጭ ይቀመጥ። ከዘጌ በጀልባ የመጣን አባል «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ተከታታይ ቁጥር ባለው የእጅ ካርኒ ይስተናገድና በዚያው ቀን ይመዝገብ።

በቴሌብር የሚገባ ቁጠባ የራሱ ችግር አለው፦ አባሉ በልጁ ስልክ ይልክና የማን እንደሆነ ይጠፋል። «ባለቤቱ ያልተለየ ገቢ» የሚል ሒሳብ ይከፈት፤ የግብይት ቁጥሩ ይያዝ፤ ሦስት ቀን ያለፈው ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብ።

የወረቀቱ መዝገብ የሚቆመው የወሩ ወለድ ለሁለት ተከታታይ ወር በሁለቱም በኩል እኩል ሲመጣና ቁጥጥር ኮሚቴው ሲፈርም ነው። የአባሉ የቁጠባ ደብተር ግን በእጁ ይቆይ።