ዕቃ ጫኝ ነው፣ ተኙ

እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ።

ዘንድሮ ያቺን አደይ አበባ ያለባትን የቴሌግራም ካርድ ለማንም አልላክሁም። ስንቱ ልኮልኝ «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ብዬ አልመለስሁም። ኩርፊያ አይደለም። ከጳጉሜ መግቢያ ጀምሮ ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ከትናንት ወዲያ ግድቡ ሲመረቅ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨፍር እኔም ወርጄ ጨፍሬያለሁ። ላቤን እየጠረግሁ ቤት ስገባ አባዬ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል። እሱ ቢኖር ማን ደፍሮ እዚያ ላይ ልብስ ያስቀምጣል? እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አባዬ ባለፈው ሰኔ ነው ያረፈው። ብዙዎቻችሁ ለቅሶ ደርሳችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ያለ እሱ የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው የበዓል መልእክቴ ስለ አዋሽ ፓርክ ነው። ግራ አይግባችሁ፣ ይገናኛል።

አምና መስቀል ዓርብ ዋለና ሦስት ቀን ተገኘ። አዋሽ ሄደን ድንኳን ተክለን እንደር፣ አውሬ እንይ፣ ፍልውሃ እንግባ ያለው ጓደኛዬ ነው። ላንድክሩዘሩም የእሱ ነው። ድንኳኑ ደግሞ እህቴ ከቨርጂኒያ የላከችው። ስድስት ሰው ያስተኛል የተባለለት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ድንኳን። እማዬን አብረሽን ሂጂ ብንላት፣ «እኔ ሜዳ ላይ እየተኛሁ ነው ያደግሁት። አሁን ደግሞ ነዳጅ አቃጥዬ ሜዳ ላይ ልተኛ?» ብላ ቀረች። አባዬ ግን እኔ ሳልለብስ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

አባዬ ባቡረኛ ነው። ነበር ማለት ገና አልለመደልኝም። ምድር ባቡር በ1960 ተቀጥሮ ዕድሜውን ሀዲድ ሲጠግን ኖረ፤ አዋሽ ሰባት ጣቢያ ብዙ ዓመት ቆይቷል። እንደ ድሬዎች በየመሃሉ ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋል። «ሳቫ» ካለ በጣም ደስ ብሎታል ማለት ነው። በዚያ ጉዞ የፈለገው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ቁርጥማት የያዘውን ጉልበቱን ፍልውሃ መንከር። ሁለተኛው ሳላ፣ ያን ቀንዳሙን የሜዳ እንስሳ፣ ማየት። መኪናው ውስጥ ሆኖ አሥር ጊዜ ደጋገማት፦ «ሳላን ሳላይ አልመለስም!» ልጄ በሳቅ ፍርስ ይላል። እኔ አምስተኛዋ ላይ ሰልችቶኝ ነበር። አሁን ብትደገምልኝ ስንት በከፈልኩ።

መተሐራ ልንገባ ስንል በሰቃ ሐይቅ ጋ መኪናውን አስቆመ። ወረደና በዚያ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቆሞ ውሃውን በጣቱ እያሳየ፣ «እኔ ስቀጠር ይሄ ኩሬ ነበር» አለን። እውነቱን ነው። በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው በሰቃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንም ሀዲዱንም እየገፋ አስነስቷቸዋል። ውሃው ጨው ስለሆነ ለማሳም አይሆንም። «በክረምት ሌሊት ሌሊት አፈርና ድንጋይ ስንሞላለት እናድራለን፣ ጠዋት ውሃው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል» አለ። ሲናገር ስለ ሐይቅ ሳይሆን ስለ አንድ የማይወደው የሥራ ባልደረባው የሚያወራ ነው የሚመስለው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አዋሽ ወንዝ ዳር አደርን። የፏፏቴው ድምፅ ደስ ይላል፤ አዞ አለ መባሉ ግን ሽንት ቤት ለመሄድ ሦስት ሰው አጃቢ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጠዋት ቡና እያፈላን ሳለ ጦጣዎች መጡ። የመስቀሉን ድፎ ዳቦ ግማሹን ወሰዱ፤ ተመልሰው መጥተው ስኳሩን ከነፌስታሉ ይዘው ዛፍ ላይ ወጡ። የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ አፍንጫቸው ሥር ሆኖ የእኛን አንድ ኪሎ! አባዬ ቡናውን ያለ ስኳር እየጠጣ፣ «ጣቢያም እያለን ምሳችንን የሚበሉት እነዚሁ ናቸው። እነዚህ የልጅ ልጆቻቸው መሆን አለባቸው» አለ።

ቅዳሜ ወደ ፍልውሃ ሄድን። ከዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን የላንድክሩዘር 30 ነው፣ ሰውነታችሁ ይላቀቃል። የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን ጉልበቱ መሃል አቁሞ አብሮን ተሳፍሯል። ድንጋይ በድንጋይ የሆነውን ስትጨርሱት ድንገት የዘንባባ ጫካ ይመጣል፤ ከሥሩ እስከ ወለሉ የሚታይ ሰማያዊ ውሃ። ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ቦታ ስላለ ዝም ብሎ ዘሎ አይገባም። ስካውቱ የሚቻለውን ቦታ አሳየን። አባዬ በቁምጣው ገባና እስከ አንገቱ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ውጣ ስንለው፣ «ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ በነፃ ሲፈላ እኔ አዲስ አበባ በምድጃ ባልዲ አሞቃለሁ፤ ማነው ጅሉ?» ይለናል። ሲወጣ ቆዳው እንደ ሕፃን ተጨማዷል። ከመኪናው እስከ ድንኳኑ ያለ ከዘራ ሄደ።

ማታ እሳት አነደድን። የአንበሳ ድምፅ እንሰማለን ብለን ጆሯችንን አቁመን የጓደኛዬን ማንኮራፋት ሰማን። ልጄም ተኛ። አባዬ፣ ስካውቱና እኔ ቀረን።

እንዴት እንደተነሳ አላስታውስም። ጥር 1977 ባቡር እዚያው አዋሽ አጠገብ ድልድይ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አባዬ ሊያነሱ ከሄዱት ሠራተኞች አንዱ እንደነበር እማዬ ነግራኛለች። እሱ ግን አንድም ቀን አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም። ያን ማታ አወራ። ብዙ አላለም። ብርቱካን የሞላ አንድ ዘንቢል እንዳገኘ ብቻ ነገረን። ፉርጎው እንደ ጣሳ ተጨማድዶ፣ ሰው እንዲያ ሆኖ፣ ዘንቢሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ብርቱካን አልወደቀም። «ከዚያ ወዲህ ብርቱካን አልበላሁም» አለ። ለካ አይወድም እያልን ያደግነው ለዚህ ነው። ስካውቱ እሳቱን ቆሰቆሰና፣ «የእኔም አጎት እዚያ ነው የቀረው» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። አባዬ ግን እጁን ዘርግቶ የስካውቱን ትከሻ ሲይዝ አየሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከሥራችን መሬቱ ጉም ጉም አለ። ድምፅ ነው እንዳልል በጀርባዬ ነው የሰማሁት። ውጭ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንቀጫቀጩ። ደንግጬ ቁጭ አልኩ። ከጨለማው ውስጥ አባዬ፣ «ዕቃ ጫኝ ነው፣ ተኙ» አለ። በዚያ ድምፁ። የጭነት ባቡር ማለቱ ነው። እኔም የአርባ ዓመት ሰው፣ እንደ ልጅ አምኜው ተኛሁ።

ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ጠጋ ብዬ፣ «አባዬ፣ ሀዲዱ እኮ ከዚህ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይርቃል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ልጁ እንዳይነቃ ብዬ ነው።»

እሁድ ሳላ ሳናይ ልንመለስ ነበር። እምቢ አለ። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ስንዞር ረፋድ ሆነ፤ ከርከሮ አየን፣ ሚዳቋ አየን፣ የጓደኛዬ ፊት እየጠቆረ መጣ። ከዚያ ቆመው አገኘናቸው። አሥራ አንድ። ከጎን ስታዩት ሁለቱ ቀንድ አንድ ይሆናል፤ ያ የፊቱ ጥቁርና ነጭ በእጅ የተቀባ ነው የሚመስለው። ውሃ ሳይጠጣ ለረጅም ጊዜ የሚኖር እንስሳ ነው። ሞተሩን አጠፋን። አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። ጸሎት ቤት የገባ መሰለኝ። ከደቂቃዎች በኋላ ቀስ ብሎ፣ «ሳቫ» አለ።

ከሳምንት በኋላ፣ እሁድ መስከረም 26 ማታ፣ አዲስ አበባ ስትነቃነቅ ያቺ የፍልውሃዋ ሌሊት ምን እንደነበረች ገባኝ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት በታች ቅልጥ አለት ሲንቀሳቀስ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ዶፈን ጭስና እንፋሎት ተፋ። ከአፋርም ከኦሮሚያም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ።

ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ 5.8 የተባለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ደረጃውን ወረደ። አባዬ ከአልጋው አልተነሳም። እማዬ ክንዱን ስትጎትት፣ «ዕቃ ጫኝ ነው፣ ተኚ» አላት። እሷ ልትገድለው! ጠዋት እኔ ያቺን ሁላችሁም የምታውቋትን የመንቀጥቀጥ ቀልድ ለቤተሰብ ግሩፑ ላክሁ። አየውና መነጽሩን አውልቆ፣ «እኛ እዚህ እንዲህ ከሆንን እነሱ እዚያ ምን እየሆኑ ነው?» አለኝ። የስካውቱን ስልክ ይዞ ነበር፤ ደወለለት። ሚስቱና ልጆቹ ቤት ተሰንጥቆባቸው ሜዳ ላይ ነው የሚያድሩት።

እህቴ፣ እንግዲህ በበዓል ምድር ልናዘዝ። ድንኳንሽ የለም። ለገና ዋዜማ አባዬ ራሱ ጠቅልሎ፣ ብርድ ልብስ ውስጡ ከቶ፣ መናኸሪያ ወስዶ በአውቶቡስ ላከው። እኔ ያን ድንኳን ሽርሽር ብዬ ነው የተከልሁት። የዚያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ድንኳን ሆኖ ነበር። ስትጠይቂኝ «ቁም ሳጥን ላይ ነው» ስልሽ ስምንት ወር አለፈኝ። እንዳልነግርሽ ያስማለኝ እሱ ነው፤ «ሌላ ገዝታ ትልካለች፣ ገንዘቧን ታጠራቅምና ትምጣ» ብሎ። እና የዘንድሮው ምኞቴ ላንቺ ይህ ነው፦ «ለከርሞ» የሚለውን ቃል ከአፍሽ ያውጣልሽ። አባዬ አራት ከርሞ ጠብቆሻል። እማዬ አለች፤ ትኬት ቁረጪ። ተቀይመሽኝም ቢሆን ነይ።

ስለ ሰኔ ብዙ አልጽፍም። የመጨረሻዋ ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ አልጋ ሲገፉ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ዓይኑን ገለጠ። «ዕቃ ጫኝ ነው አባዬ፣ ተኛ» አልኩት። ሳቀ። የሳቀ መሰለኝ።

ያቺን ሌሊት ሻይ ቀድታ ያመጣችልኝ ነርስ፣ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅ ወጣሁ፤ ዓመቱን እግዜር ይባርክልሽ። ጓደኛዬ፣ የነዳጁን እስከ ዛሬ አልተቀበልከኝም፤ የማንኮራፋቱን ነገር እዚህ ማውጣቴን እንደ ክፍያ ቁጠረው። ሁለተኛ ፎቅ ያለሽው ጎረቤቴ፣ አርባውን ሙሉ እንጀራ ከቤትሽ ነው የበላነው። የድሮ ባቡረኞች፣ ከዘራችሁን ይዛችሁ መቃብር ድረስ የመጣችሁ፣ አንዳችሁ «ዛሬስ በሰዓቱ ነው የሄደው» ስትሉ ሰምቼ እየሳቅሁ አለቀስሁ። ለመተሐራ፣ ለአዋሽ ሰባት፣ ለከረዩና ለአፋር ወገኖቼ፦ መሬቱ ይርጋላችሁ፣ ዝናቡ በልኩ ይሁንላችሁ።

ይህን መጻፍ የጀመርሁት ዛሬ ጠዋት ስልክ ስለተደወለልኝ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስካውቱ ነው። «እንኳን አደረሳችሁ። በባቡረኛው ስልክ ስሞክር እምቢ አለኝ። ደህና ናቸው?»

ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከኋላው የፍየል ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቀኝ፦ መቼ፣ የት፣ ታመው ነው ወይ። ዘጋሁት ስል እንደገና ጀመረ። ድንኳኑ አሁንም እንዳለ ነገረኝ። ዚፑ ተበላሽቷል፤ እነሱ ቤታቸውን ጠግነው ገብተዋል።

«አሁን ማን ይተኛበታል?» አልኩት።

«ግልገሎቹ» አለ።