ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ ልጅና የኮሌጅ ፉትቦል

ልጃቸው «ፉትቦል፣ የአሜሪካኑን፣ እጫወታለሁ» ሲላቸው ብዙ ወላጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ጉልበቱን ነው። አይፈረድባቸውም። ግን ጉልበቱ ደህና ሆኖ ወረቀቱ የሚያስቀረው ልጅም አለ፤ በተለይ ሃይስኩልን አገር ቤት ጀምሮ አሜሪካ የሚጨርስ።

የኮሌጅ ስፖርቱን የሚመራው ኤንሲኤኤ በዲቪዥን ዋን፣ ማለትም በከፍተኛው እርከን፣ ለመጫወት 16 ኮር ኮርሶችን (ዋና ዋና የቀለም ትምህርቶችን) ይጠይቃል። ከእነዚህ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሆናሉ። 12ኛ ከተጀመረ በኋላ እነዚያን ደግሞ በመማር ውጤት ማሻሻል አይቻልም። የኮር ኮርሶቹ አማካይ ከ2.3 መውረድ የለበትም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የተገኘ ኤ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

ዋናው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። ኮርሶቹ የሚጠናቀቁበት የአራት ዓመት ቆጠራ የሚጀምረው ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ የትም አገር ይሁን። አዲስ አበባ 9ኛን ጨርሶ መጥቶ «እንግሊዝኛው ይጠንክር» ተብሎ እንደገና 9ኛ የተመደበ ልጅ አንድ ዓመት ባክኖበታል፤ የመጨረሻው ዓመት ኮርሶቹ ላይቆጠሩለት ይችላሉ። ስለዚህ ካውንስለሩን (የትምህርት ቤቱን አማካሪ) መጠየቅ ምደባው ከመጽደቁ በፊት ነው። የአገር ቤቱ ትራንስክሪፕት ከ9ኛ ጀምሮ ይፈለጋል፤ በእንግሊዝኛ ካልሆነ የተረጋገጠ ትርጉም አብሮት ይቀርባል። ማኅተሙን ለማስመታት ስንት ምልልስ እንዳለው ለአገሩ ሰው አይነገርም፤ ቀደም ብሎ መጀመር ነው።

ወደ ሜዳው ስንመጣ፣ ለኮች የሚላከው ቪዲዮ ላይ ሳክ (ኳርተርባኩን ኳሷን ሳይወረውር መጣል) ብቻ መልቀም የተለመደ ስህተት ነው። በመከላከያው መስመር መሀል የሚሰለፍ ዲፌንሲቭ ታክል ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፤ የኳርተርባኩን፣ ማለትም የአጥቂውን ቡድን መሪ፣ ድምፅ ካመነ ይታለልና ኳሷ ሳትነሳ መስመር አልፎ አምስት ያርድ ያስቀጣል። ቀና ብሎ ከተነሳ ደረቱን ያገኙትና ወደ ኋላ ይነዱታል። ሁለት ሰው ሲገፋው ቦታውን ካልለቀቀ ሥራውን ሠርቷል፤ ኳስ የያዘውን የሚጥለው ግን ከኋላው ነጻ የቀረው ላይንባከር (ከመስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ነው፣ ቁጥሩም የሚመዘገበው ለእሱ። ኮች ይህን ያውቃልና ያ ጨዋታም ቪዲዮው ውስጥ ይግባ።

ኮሌጅ ሲገባ ሌላ ሰዓት ይጀምራል። የዲፌንሲቭ ታክሉን የንዳሙኮንግ ሱን ታሪክ እንይ፤ አባቱ ካሜሩናዊ፣ እናቱ ጃማይካዊት ናቸው፤ ፖርትላንድ ተወልዶ እኛ «ኳስ» የምንለውን ሲጫወት ነው ያደገው። በ2005 (በፈረንጆቹ) ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ጨዋታ እንደተጫወተ ጉልበቱን ተጎዳ። ሕጉ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሲዝን ይፈቅድ ስለነበር፣ ያ ዓመት በሕክምና ምክንያት ሳይቆጠርበት ቀርቶ 2009 ተረፈችለት። ከ2008 ሲዝን በኋላ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ኤንኤፍኤል መሄድ ሲችል ኮሌጅ ቆየ፤ በኮንስትራክሽን ማኔጅመንትም ዲግሪውን ያዘ። በታኅሣሥ 2009 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ላይ 4.5 ሳክ አስመዘገበ፤ ቡድኑ ግን 13 ለ 12 ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት የኤንኤፍኤሉ ዲትሮይት በድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው።