33ቱ ፊደል በአንድ ዓረፍተ ነገር

ኮምፒውተር ላይ አዲስ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ስትከፍቱ ብቅ የምትለውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። ፈጣኑ ቡናማ ቀበሮ ሰነፉን ውሻ ዘሎት አለፈ የምትለዋን። በቋንቋዋ 26ቱም ፊደላት ስላሉባት ድሮም የጽሕፈት መኪና ይሞከርባት ነበር። ጎንደር ፒያሳ ባነርና የሠርግ ጥሪ ስለምሠራ ሁሌ አያታለሁ። የአማርኛ ፎንት ስመርጥ ግን መሞከሪያ የለኝም። «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲጻፍበት ያማረ ፎንት ዠ ወይም ጰ ላይ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ይደቅናል።

ነገሩ ሲከነክነኝ የሌሎችን ማንበብ ጀመርኩ። ጃፓኖች «ኢሮሃ» የሚሉት ጥንታዊ ግጥም አላቸው። 47 ፊደላት፣ እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ። የአበባን መርገፍና የዚህን ዓለም አላፊነት ይናገራል። ለዘመናት የፊደል ተራቸው እሱ ነበር። የኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ሰዎች ደግሞ 20 ፊደሎቻቸውን በተራ ሲጠሩ ተረት ይወጣዋል፦ ሁለት መልእክተኞች ነበሩ፤ ተጣሉ፤ ጉልበታቸው እኩል ነበር፤ ሁለቱም ሞቱ። ይሄኛው ልቤን ነካው። ልጁ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ ተረቱንም ጨረሰ ማለት ነው። በዕብራይስጡ ትንቢተ ሶፎንያስ 3፥8 ላይም 22ቱ ፊደላት ሙሉ ናቸው።

የኛ ይከብዳል። 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ያውም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ አንድ ይበቃኛል ብዬ ተነሣሁ። ያስቸገሩኝ ሞክሼዎቹ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ እንደ እጃችን እንጽፋቸዋለን። እዚህ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ ይፈልጋሉ። ደስ ያለኝም ይሄው ነው። መጨረሻ ላይ ይህ ወጣ፦

«በመኸር አንድ ኀሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጸሐፊው ጴጥሮስ ዥንጉርጉር ፖስታ ይዞ ከሥራ የወጡ ዐጫጆችን ሊሸኝ ሄደ።»

ቁጠሩት፣ 33ቱም አሉ። ዥንጉርጉሩ ፖስታ ያ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ የሆነው የድሮ የውጭ አገር ፖስታ ነው። ዠና ፐን አንድ ላይ ያስገባልኝ እሱ ነው።

በአታ አካባቢ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ ወስጄ አሳየኋቸው። «የኔታ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አልኩ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙ። ጣታቸው ከፊደል ፊደል እየሄደ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ሳይቸኩሉ ጨረሱት። ዐጫጆች ላይ ያለውን ዐ ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግ ነው ልጄ። ሰባቱንስ?» አሉኝ።

እንግዲህ አሁን 231ዱ ላይ ነኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር እንደማይሆን ገብቶኛል። ግጥም ነው የሚፈልገው። ቅኔ የተማረ ሰው ቢያግዘኝ ደግሞ ያምራል፤ ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የጰን ቤት ጀምሬያለሁ፦ ጰራቅሊጦስ፣ ጲላጦስ፣ ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ኢትዮጵያ፣ ቆጶስ። የቀረችኝ ጱ ናት። ጱ ያለበት ቃል የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።